ላልሄደበት መንገድ

ታንኩ የመጣው በቦንዳ ነው፣ በሹራብ ተጠቅልሎ፣
ከካልሲና ከካፖርት መሀል፣ አንቴናው ተንጠልጥሎ።
ነጋዴዋ ሳቀችብኝ፦ «ለልጅህ ይሁን፣ ይዘኸው ሂድ፤
የሹራቡን ግን ትከፍላለህ፣ ሱፍ ነው እሱ፣ ለብርድ።»
አዳማ ውስጥ፣ ለብርድ!

ከፍራንኮ ወረድ ብሎ የባጃጅ ቀለም ቤት አለኝ፤
ቀን ሰማያዊ ነው፣ ሰማያዊ፣ እስኪያቅለሸልሸኝ።
ማታ አምፖሉን ዝቅ አድርጌ፣
ክንዴን የሚያህል ታንክ ታቅፌ፣
ጭቃ እሠራለሁ።

አካሉን ካቻምና ጨረስኩ፣ መድፉን ደግሞ አምና፤
ሰንሰለቱ ቀረ። ሰንሰለት መቼም ይቀራል፣
ማን ጎንበስ ብሎ ያየዋልና።
በቀኙ ሰባ ስምንት ዘለበት፣ በግራው ሰባ ሰባት፤
የጎደለችዋን ከአሮጌ ማጠፊያ ቆርጬ ተካኋት።

መጀመሪያ እንደ ባጃጅ ቀባሁት፣ ጥቁር፣ ፊት የሚያሳይ።
ሲፈን ሪሞቱን ተጫነች፤
ሦስት ስንዝር ሳይሄድ
ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሲሚንቶው ላይ ረገፈ።
«አባ፣ ታንኩ ፎረፎር አለበት» አለችኝ።

ያን ቀን ገባኝ፦
ሰንሰለት ላይ የሚያምረው የቀባኸው አይደለም፤
መንገድ በልቶት ሲጨርስ የተረፈው ነው ቀለም።

ፈታሁት፣ ፒን በፒን። የፋብሪካውን ቅብ በቤንዚን አጠብኩ፤
አቼቶና ጨው በጆግ በጥብጬ፣ እንደ ሽምብራ ዘፈዘፍኩ።
ጠዋት ዝጎ አገኘሁት፤ ያልተገዛ፣ የእውነት ዝገት፣
የአርባ ክረምት ዕድሜ፣ በአንድ ሌሊት።
(አያንቱ ጆጉን ስትፈልግ ደረሰችበት፤
ያለችኝን እዚህ አላሰፍርም፣ ልጅ አለ በቤት።)

ቡናማውን በቲነር አቀጠንኩ፣ ቀጭን ሻይ እስኪመስል፣
በየስንጥቁ ለቀቅኩት፤ መውረጃውን እሱ ያውቃል።
ከዚያ የሲፈንን እርሳስ ሰርቄ
መሬት የሚነካውን ጠርዝ ብቻ ደጋግሜ አሸሁ፣
እስኪያበራ፤
ብረት መሆኑ ትዝ እስኪለው።

አቧራውን አልገዛሁም። በሩን ከፈትኩ።
የአዳማ ነፋስ ጋራው ጫፍ ላይ ነጫጭ ክንፎች ያሽከረክራል፤
ከሥራ ሲመለስ የኔን ቤት አይስትም፣
እርጥብ ቨርኒሽ ያለበትን ያሸታል።
ስንት ዓመት ረገምኩት! ስንት ፓራፋንጎ አበላሸብኝ!
ዛሬ ግን «ግባ» አልኩት።
ገባ።
የወንጂን መንገድ አቧራ ይዞ፣ ነጣ ያለውን፣
እጄን አጣጥፌ ሲያርፍ አየሁት።

እንግዲህ ይሄ ታንክ የትም አልሄደም፤
ከሳጥን ወደ ቦንዳ፣ ከቦንዳ ወደ ጠረጴዛ።
ላልሄደበት መንገድ ነው
ይሄ ሁሉ ጣጣ፣ ይሄ ሁሉ ዋዛ።

የጎረቤት መጋዘን ዘበኛ፣ ጋሽ ወርዶፋ፣
ለመብራቱ ሲል መጥቶ ይቀመጣል፤ ወሬ አያበዛም።
ያን ማታ በገመድ የታሰረ መነጽሩን አጠለቀ፣
ሰንሰለቱን በአውራ ጣቱ ቆጠረ፣ እንደ መቁጠሪያ።
«ውጪውን አሳምረኸዋል» አለ። «ውስጡስ?
ጎማው የሚረግጠው፣ እሱ ነው የሚያበራው።
ውጪውማ ጭቃ ነው።»
ዝም አለ።
«ፒኗ ደግሞ ትወጣለች። በግራ በኩል። ሁሌ በግራ።
በመዶሻ እንመልሳት ነበር፣ በእንቅልፍ ልባችን።»

የት? አላልኩትም።
መቼ? አላልኩትም።
እርሳሱን ሰጠሁት።

መቶ ሃምሳ ስድስት ዘለበት፣ አንድ በአንድ፣
ውስጥ ውስጡን ሲያሽ ነጋ።
የማጠፊያዋ ቁራጭ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ፤
እሷንም አልዘለላትም።
መጋዘኑን ማን እንደጠበቀው እንጃ።

ጠዋት ሲፈን አስነሳችው።
ከበሩ እስከ ውሃ በርሜሉ፣ በአሸዋው ላይ፣
ምንም አልረገፈም።
ተመልሶ ሲቆም
በግራ በኩል አንዲት ፒን፣ የሩዝ ፍሬ ያህል፣
ወጣ ብላ አየሁ።

መዶሻ አነሳሁ።
መልሼ አስቀመጥኩት።
ለማታ ትቆየው።